ጭሱ ከየት መጣ?

ሜይ 19 ቀን 1780 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል፣ ረፋዱ ላይ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ሰው ምሳውን የሚበላው በሻማ ብርሃን ነበር። ዶሮዎች ወደ ቆጣቸው ወጡ፣ ወፎች ዝም አሉ፣ እንቁራሪቶች መሽቷል ብለው መጮህ ጀመሩ። የፍርድ ቀን ደረሰ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሮጠው ሰው ብዙ ነው።

የኮነቲከት ምክር ቤት በዚያ ቀን ስብሰባ ላይ ነበር። እንበተን የሚል ሐሳብ ሲነሣ አብርሃም ዳቬንፖርት የተባለ አባል አልስማማም አለ። ክርክሩ ቀላል ነው፦ የፍርድ ቀን ካልሆነ የምንበተንበት ምክንያት የለም፤ ከሆነ ደግሞ ሥራዬ ላይ ሆኜ ቢያገኘኝ ይሻለኛል፤ ስለዚህ ሻማ ይምጣልን። አሜሪካውያን እስከ ዛሬ ይህን ሰው በጀግንነት ያነሡታል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቀን የዘነበው ዝናብ ላይ ጥቁር ነገር ተንሳፍፎ፣ ውኃው የተቃጠለ ቅጠል ሽታ ነበረው። ማስረጃው በየሰዉ ባልዲ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ግን የቱ እሳት? የት የነደደ? የሚያውቅ አልነበረም።

መልሱ የተገኘው በ2007 ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ዛሬ አልጎንኩዊን ፓርክ በሚባለው አካባቢ የዛፍ ግንዶችን ዓመታዊ ቀለበት ሲመረምሩ፣ በ1780 ትልቅ እሳት የተወውን ጠባሳ አገኙ። በሌላ አነጋገር አንድ ጥያቄ፣ ጭሱ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ፣ መልስ እስኪያገኝ 227 ዓመት ወሰደ።

አሁን ስልካችሁን አውጥታችሁ ያንኑ ጥያቄ ብትጠይቁ በሦስት ሰዓት ውስጥ መልስ ታገኛላችሁ። ይህ ጽሑፍ በ227 ዓመትና በ3 ሰዓት መካከል ምን እንደተፈጠረ ነው የሚተርከው። እግረ መንገዳችንን ደግሞ የሦስት ሰዓቱ መልስ ለማን እንደሚደርስ፣ ለማን እንደማይደርስ እናያለን።

ሰማያዊ ፀሐይ

ጁን 1 ቀን 1950፣ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሰሜናዊ ክፍል እሳት ተነሣ። ቺንቻጋ በሚባለው ወንዝ ስም ይጠራል። በዘመኑ የጎረቤቷ የአልበርታ አሠራር፣ ከሰው መኖሪያና ከመጓጓዣ መስመር ከ10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ የራቀ እሳት አይነካም የሚል ነበር። ማን ጋ ይደርሳል? ዱር ነው፣ ይንደድ። እሳቱም ክረምትና በጋ ሳይል፣ ድንበር ተሻግሮ፣ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነደደ። የበላው መሬት ከ1.2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው፤ ከ20 አዲስ አበባዎች ይበልጣል።

እሳቱ ማንንም አልነካም ተባለ። ጭሱ ግን የ10 ማይሉን ደንብ አላነበበም።

በሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት ኃይለኛ ነፋስ እሳቱን ቀሰቀሰው። ሴፕቴምበር 24 እሑድ ነበር፤ በኦንታሪዮ፣ በፔንስልቬንያ፣ በኒው ዮርክ ሰማዩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ የቤዝቦል ጨዋታ ከሰዓት በኋላ በመብራት ተካሄደ። ዶሮዎች እንደገና ወደ ቆጥ ወጡ። ሰዎች ወደ ፖሊስ፣ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ አየር ሁኔታ ጣቢያ ስልክ ደወሉ። ጊዜውን አስቡት፤ የኮሪያ ጦርነት ከጀመረ ሦስት ወር ነው፣ ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ ከሞከረች ገና አንድ ዓመት ማለፉ ነው። ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የመጣው የትኛው ሐሳብ እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። በ1780 የፍርድ ቀን ነበር፤ በ1950 ቦምብ ሆነ። የማይታወቅ ጭስ የየዘመኑን ፍርሃት ይለብሳል።

ከሁለት ቀን በኋላ ጭሱ አትላንቲክን ተሻግሮ ስኮትላንድ ደረሰ። ሴፕቴምበር 26 ኤድንብራ ላይ ፀሐይ ሰማያዊ ሆና ታየች። ማታ ጨረቃዋም እንደዚያው። ሮበርት ዊልሰን የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ ብርሃኗን በየቀለሙ ለካው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጭስ ብዙ ጊዜ ፀሐይን የሚያቀላት ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ቅንጣቶቹ አንድ ማይክሮን ገደማ ሆነው፣ ሁሉም ተቀራራቢ መጠን ሲኖራቸው ግን ጨዋታው ይገለበጣል፤ ቀዩን ይበትኑና ሰማያዊውን ያሳልፋሉ። ለዚህ ነገር መጠን መመሳሰሉ ግዴታ ስለሆነ ነው ሰማያዊ ፀሐይ እጅግ ብርቅ የሆነችው።

የዚያን ጊዜው ምርመራ እንዴት ተሠራ? ሳተላይት የለም። የነበረው የጣቢያዎች ሪፖርት፣ የፊኛ መለኪያዎች የመዘገቡት የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ እንዲሁም ፓይለቶች እዚህ ከፍታ ላይ ጭስ ሸተተን ያሉት ቃል ነው። የአሜሪካ አየር ሁኔታ ቢሮ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ሰብስበው በእጅ ካርታ ላይ መስመር እየሳሉ አየሩን ወደ ኋላ ተከተሉት። ዛሬ የት ነው? ትናንት የት ነበር? ከትናንት ወዲያስ? እኛ ፕሮግራመሮች ይህን ሥራ እናውቀዋለን። ሰርቨሩ ወድቋል፣ ስክሪን የለህም፣ ያለህ ሎግ ብቻ ነው። መስመር በመስመር ወደ ኋላ እያነበብህ ጥፋቱ የተጀመረበትን ሰዓት ትፈልጋለህ። እነሱም መስመሩን እስከ ምዕራብ ካናዳ ድረስ አደረሱት።

ስለዚያ ጭስ በዚያው ዓመት ከጻፉት አንዱ ሃሪ ዌክስለር ይባላል። በቢሮው ውስጥ ትልቅ ሳይንቲስት ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ዌክስለር ኒው ዮርክ በሚገኘው ሃይደን ፕላኔታሪየም በተካሄደ ስብሰባ ላይ አንድ ሥዕል አሳየ። ምድር ከሰሜን አሜሪካ በላይ 4,000 ማይል ከፍታ ላይ ሆኖ ለሚያያት ምን ትመስላለች? ደመናው፣ አውሎ ነፋሱ፣ ውቅያኖሱ። በዚያን ጊዜ አንድም ሳተላይት ወደ ህዋ አልወጣም፤ ስፑትኒክ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል። አርቲስቱ የሳለው በዌክስለር ስሌት ነው። አየሩን ከታች በስልክና በፊኛ ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ከላይ ሆነን ብናየው ብሎ በሥዕል አሳየ።

አፕሪል 1 ቀን 1960 ቲሮስ አንድ የምትባለው የመጀመሪያዋ የአየር ሁኔታ ሳተላይት መጠቀች። ሁለት የቴሌቪዥን ካሜራ ነበራት፤ በ78 ቀን ዕድሜዋ ወደ 23 ሺህ የሚጠጋ ምስል ላከች። ዌክስለር ይህን ለማየት በቃ። በ1962 በ51 ዓመቱ አረፈ።

ከላይ ሲታይ ጭስ ምን ይመስላል?

ሳተላይት መጣ፣ ችግሩ አበቃ ማለት ነው? አይደለም። ከላይ ሆኖ ጭስን ማየት ከምናስበው በላይ አስቸጋሪ ነው። ጥቁርና ነጭ በሆነ ምስል ላይ ጭስ ግራጫ ነው፤ ስስ ደመናም ግራጫ ነው፤ ጉምም ግራጫ ነው፤ የበረሃ አቧራም እንዲሁ። አንዷን ምስል ብቻ ካየህ መለየት ያቅታል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ጊዜ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ጎዝ የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆመው፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞሩ፣ አንድን ቦታ ሳይነቅሉ ማየት ጀመሩ። ምስሎቹን አከታትለህ ስታጫውታቸው ደመናው ይፈላል፣ ይበታተናል፤ ጭሱ ግን ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ነጠላ ጫፍ እየሰፋ ይሄዳል። አንድ ሌላ ዘዴም አለ። ጭስ ብርሃንን ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ወደ ፊት መበተን ይቀናዋል። ስለዚህ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ማለዳና ወደ ማታ ላይ፣ በሳተላይቱ ምስል ላይ ደምቆ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ይደበዝዛል። ቤት ውስጥ በመስኮት ጮራ ሲገባ አየር ላይ ያለው አቧራ ድንገት እንደሚታየው ማለት ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ምርጡ ክፍል ይህ ነው።

በኦክቶበር 1978 ናሳ ኒምበስ ሰባት የምትባል ሳተላይት አመጠቀ። ቶምስ የሚባል መሣሪያ ይዛለች፤ ሥራው አንድ ብቻ ነበር፣ የኦዞንን መጠን መለካት። የሚለካው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ኦዞኑን ለማስላት ሳይንቲስቶቹ አየሩ ንጹህ ቢሆን ምን ያህል ብርሃን ተመልሶ ይመጣል የሚል ሞዴል ነበራቸው። የተለካው ከሞዴሉ ሲቀነስ የሚቀር ነገር ነበር። ትርፍ። ስሕተት። ዳታ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ትርፍ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ጩኸት ነው ብለን እንወረውረዋለን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ጄይ ኸርማን፣ ኦማር ቶሬስ፣ ክሪስቲና ህሱና ባልደረቦቻቸው ያንን ትርፍ ካርታ ላይ አስቀመጡት። ትርፉ በዘፈቀደ የተበተነ አልነበረም። ከሰሐራ በላይ አለ፣ በአማዞን የቃጠሎ ወቅት ከአማዞን በላይ አለ፣ በደቡባዊ አፍሪካ የቃጠሎ ወራት ከደቡባዊ አፍሪካ በላይ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አየር ራሱ አልትራቫዮሌትን በኃይል ይበትናል፣ ጭስና አቧራ ደግሞ ከታች የሚመጣውን ያንን ብርሃን ይውጡታል። ስለዚህ የጭሱ አሻራ ብርሃኑ በጎደለበት ቦታ ላይ ታትሟል። ከሁሉ በላይ ይህ ዘዴ ከደመና በላይና ከበረዶ በላይ ያለን ጭስ ጭምር ያያል፤ ዓይን ነጭ በነጭ ላይ ብቻ በሚያይበት ቦታ። ለኦዞን የተሠራ መሣሪያ፣ ከ1978 ጀምሮ የተከማቸ የጭስ መዝገብ ሆኖ ተገኘ። ዳታውን ያልጣሉት ሰዎች ይባረኩ!

ትኩስ ፒክሰል

ጭሱን ማየት አንድ ነገር ነው፤ እሳቱን ማየት ሌላ። ለዚህ ብረት አንጥረኛ ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ብረት ሲግል መጀመሪያ ሙቀቱ ብቻ ይሰማሃል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ በመጨረሻ ይነጣል። ነገር ይበልጥ በጋለ ቁጥር የሚያወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ እያጠረ ይሄዳል። ተራ መሬት በብዛት የሚያበራው 10 ማይክሮን ገደማ ባለው ኢንፍራሬድ ነው፤ የሚነድ ደን ግን 4 ማይክሮን አካባቢ ይጮኻል። ስለዚህ ሳተላይቱ ሁለቱን ያወዳድራል። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ፒክሰል ውስጥ የሚነደው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ቢሆን እንኳ የ4 ማይክሮኑ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይዘላል።

ይህን ሥራ ወደ ዕለታዊ ነገር የለወጠው ሞዲስ የሚባለው መሣሪያ ነው። በዲሴምበር 1999 ቴራ በምትባለው፣ በሜይ 2002 ደግሞ አኳ በምትባለው ሳተላይት ወጣ። ቴራ የመጀመሪያ ምስሏን የወሰደችው በፌብሩዋሪ 2000 ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን እኛ አገር የባሌና የቦረና ደኖች እየነደዱ ነበር። ተማሪ ሳይቀር ቅጠልና አካፋ ይዞ ዘምቷል፣ ከውጭ አገርም የእሳት ባለሙያዎች መጥተዋል። ዓይኑ የተከፈተበትና ደናችን የነደደበት ወር አንድ ነበር፤ ግን ዳታው በየሰዉ እጅ የሚገባበት መንገድ ገና አልተሠራም ነበር።

በኋላ ተሠራ። ፈርምስ የሚባለው የናሳ አገልግሎት ዛሬ የመላው ዓለምን ትኩስ ፒክሰሎች ሳተላይቱ ካያቸው በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ በነፃ ያወጣል። ከ2011 ወዲህ የተጨመረው ቪርስ የሚባል መሣሪያ ደግሞ ፒክሰሉን ወደ 375 ሜትር አወረደው። እኔ ከሥራ ውጭ ባለኝ ሰዓት ይህን ፋይል አውርጄ መክፈት እወዳለሁ። ተራ ሠንጠረዥ ነው፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የእሳቱ ኃይል። አንድ መስመር፣ አንድ ትኩስ ፒክሰል። ሃያ መስመር ኮድ ካርታውን ይሥልልሃል። አፋር ላይ አንዲት ነጥብ ዝንፍ ሳትል ብትደጋገምብህ አትደንግጥ፤ ኤርታሌ ነው። ሳተላይቱ ትኩስ ነገር አየሁ ይላል እንጂ ደን ነው፣ እሳተ ገሞራ ነው፣ ወይስ የነዳጅ ማውጫ ነበልባል ነው የሚለውን በራሱ አያውቅም። ያንን የሚለየው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጭሱም ላይ እንዲሁ ነው። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዕለታዊ የጭስ ካርታ ያወጣል። ካርታውን የሚሥለው ማን ይመስላችኋል? ሰው። ባለሙያ ተቀምጦ የጎዝን ተከታታይ ምስል እያየ፣ የጭሱን ጠርዝ በእጁ ይከብበዋል፤ ስስ፣ መካከለኛ፣ ወፍራም ብሎ ይመድበዋል። ለፀሐይ ብርሃን ምስል ስለሚመረኮዝ ማታ አይሠራም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ይህ ወደ ኋላ የቀረ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ደመና ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸሸውን ጭስ ለሰዓታት ተከትዬ ካየሁ በኋላ ለእነዚያ ሰዎች ባርኔጣዬን ባነሣ ደስ ይለኛል።

ከፍታ

አንድ ነገር ቀርቷል። ከላይ የምታየው ምስል ዝርግ ነው፤ ጭሱ ምድር ላይ ነው ወይስ 10 ኪሎ ሜትር ላይ?

ለረጅም ጊዜ የታመነው ነገር፣ የደን እሳት ጭስ የትም ቢሄድ ከስትራቶስፌር በታች ይቀራል የሚል ነበር። ከዚያ በላይ ቅንጣት ከተገኘ የእሳተ ገሞራ ነው ይባላል። በ1998 የበጋ ወራት ግን ማይክ ፍሮምና ባልደረቦቹ ስትራቶስፌር ውስጥ ሊኖር የማይገባው ነገር አዩ፤ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ደግሞ አልነበረም። ወደ ኋላ ሲከተሉት የሰሜን ደኖች እሳት ላይ ደረሱ። ትልቅ እሳት የራሱን የነጎድጓድ ደመና ይሠራል፤ ፓይሮኩሙሎኒምበስ ይባላል። ያ ደመና እንደ ጭስ መውጫ ሆኖ ጭሱን ወደ ላይ ይተፋዋል። በ2006 የመጠቀችው ካሊፕሶ በሌዘር ከላይ ወደ ታች እየለካች የጭሱን ከፍታ በቀጥታ ማሳየት ቻለች። በኦገስት 2017 ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የወጣው ጭስ ስትራቶስፌር ውስጥ ወራት ቆየ። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ከአውስትራሊያ የወጣው ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሽክርክሪት ሆኖ፣ ፀሐይ እያሞቀችው፣ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ምድርንም ዞረ።

ጁን 7

አሁን ወደ 2023 እንምጣ። ያ ዓመት ለካናዳ የከፋ ነበር፤ ከ15 ሚሊዮን ሄክታር ያላነሰ መሬት ተቃጠለ፣ የኢትዮጵያን አንድ ሰባተኛ የሚጠጋ ማለት ነው። በጁን መጀመሪያ መብረቅ ኩቤክ ውስጥ ብዙ እሳት አስነሣ። በዚያው ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ተተክሎ ቆመ። በሰሜኑ የምድር ክፍል እንዲህ ዓይነት ግፊት ነፋሱን ከሰዓት እጅ በተቃራኒ ያዞረዋል፤ ስለዚህ በምዕራብ ጎኑ ያለው አየር ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ኩቤክ ከላይ፣ ኒው ዮርክ ከታች። ቧንቧ ገጠሙለት ማለት ይቻላል።

ጁን 7 ኒው ዮርክ ብርቱካናማ ሆነች። የአየር ጥራት መለኪያው ከ300 በላይ ሲሆን አደገኛ ይባላል፤ ኒው ዮርክ ላይ ከ400 አለፈ። በማግሥቱ ዋሽንግተን ተራዋን ወሰደች። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ወገኖቻችን የኮቪድ ማስካቸውን ከመሳቢያ ያወጡት ያን ጊዜ ነው። በወሩ መጨረሻ ጭሱ ፖርቱጋልና ስፔን ደረሰ፤ ቶሮንቶም ሌላ ዙር ቀመሰች።

ከ1950 ጋር አስተያዩት። ያኔ ቤዝቦሉ መብራት በርቶለት ተጫወቱ፤ በ2023 የያንኪስ ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ያኔ ሰው ቦምብ ነው ወይ ብሎ ደወለ፤ አሁን ጎዝ 16 በየአምስት ደቂቃው በምትልከው ምስል ላይ ጭሱ ሲወርድ ሁሉም ሰው በስልኩ አየው። የሚታየው ሰማይ ተመሳሳይ ነው፤ የተለወጠው ውሳኔው ነው። መስኮት መዝጋት፣ ልጆችን ከሜዳ ማስገባት፣ አስም ያለበትን ዘመድ ደውሎ ማስጠንቀቅ። የጭስ ቅንጣት ውፍረቱ ከፀጉር 30 ጊዜ ያንሳል፤ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል። የ1950ው ጭስም ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ የሚያውቅ ስላልነበረ ብቻ ጨዋታው ቀጠለ።

ያልተተከለው መለኪያ

እስካሁን ሳተላይቱን አወደስኩት። አሁን የማይችለውን ልንገራችሁ። ሳተላይት የሚያየው ከላይ እስከ ታች ያለውን አየር በድምር ነው። ጭሱ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ፀሐይ ትቀላለች፣ ምስሉ ያስፈራል፣ አንተ የምትተነፍሰው ግን ንጹህ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አፍንጫህ ላይ ያለ ጭስ ከላይ ስስ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው መሬት ላይ የተተከለ መለኪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጭስ ትንበያ ሞዴል የእሳቱን ኃይል ከሳተላይት፣ ነፋሱን ከአየር ሁኔታ ሞዴል ይወስዳል፤ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው ግን በመሬቱ መለኪያ ነው።

እንግዲህ የፈርምስን ካርታ ክፈቱና ዓለምን በሙሉ እዩ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ካናዳ ላይ አይደለም። በየዓመቱ በዓለም ላይ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከምድር ወገብ በላይ፣ የእኛን ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጨምሮ፤ ከጁን እስከ ኦክቶበር ደግሞ ከምድር ወገብ በታች። አብዛኛው የሣር እሳት ነው፤ አርሶ አደሩ ማሳ ሲያዘጋጅ፣ አርብቶ አደሩ አዲስ ሣር ሲፈልግ የሚለኩሰው፣ ከጥንት የነበረ። ሁሉንም አደጋ ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ጭሱ ግን ጭስ ነው። በሴፕቴምበር 2000 ሳፋሪ 2000 በተባለው ትልቅ የጥናት ዘመቻ ላይ የነበሩ ሳይንቲስቶች ከደቡባዊ አፍሪካ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚፈስ ጭስ አይተው የጭስ ወንዝ ብለው ጠሩት። አህጉርን የሚያቋርጥ ጭስ የካናዳ ብቻ ታሪክ አይደለም።

የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው። የአየር ጥራትን ከአንድ ቦታ ቆመው ቀኑን ሙሉ የሚለኩ አዳዲስ መሣሪያዎች አሉ፦ ከ2020 ጀምሮ እስያን የሚያይ፣ ከ2023 ጀምሮ ሰሜን አሜሪካን የሚያይ፣ በ2025 የመጠቀ አውሮፓንና የሰሜን አፍሪካን ጠርዝ የሚያይ። ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ እንደዚህ ያለ የለም። መሬት ላይም ያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የአየሩን ሁኔታ ለሕዝብ በየሰዓቱ ሲያሳዩ ከነበሩት ጥቂት መለኪያዎች መካከል የአሜሪካ ኤምባሲው ይገኝበታል፤ በማርች 2025 አሜሪካ ከኤምባሲዎቿ የሚወጣውን ይህን ቁጥር ማጋራት አቆመች። የራስህን ከተማ አየር በሌላ ሰው ግቢ ባለ መሣሪያ ስታነብ፣ በሩ ሲዘጋ ንባቡም ይዘጋል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ለእኛ ትውልድ የተተወ ሥራ ይመስለኛል። የሳተላይቱ ዳታ በነፃ ይወርዳል። በርካሽ የሚገዛ የአየር መለኪያ ከትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ቁጥሩ እንደ ትልቅ ጣቢያ የታመነ አይሆንም፤ ግን አሥር ጣሪያ ላይ አሥር ቢሆኑ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ሰሜን ተራሮች በአፕሪል 2019 ሲነዱ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ተጠብቋል። እሳቱ ግን ከሰማይ በየቀኑ ይታይ ነበር። ጉድለቱ በማየትና በመድረስ መካከል ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ያንን መንገድ ደግሞ ሳተላይት አይሠራውም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን። ተረቱ ቅጠሉን የሚይዝ እጅ እንዳለ፣ ከዚያ እጅ በፊት ደግሞ ጭሱን አይቶ የሚጣራ ሰው እንዳለ አድርጎ ነው የሚናገረው። በ1780 የሚጣራ አልነበረም። በ1950 ጭሱ ውቅያኖስ ካቋረጠ በኋላ ተጣሩ። ዛሬ ጥሪው በሦስት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ ሠንጠረዥ ሆኖ፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ለሚከፍተው ሁሉ። ጋምቤላ ላይ የሚወድቀውን መስመር በየጠዋቱ የሚከፍተው ማነው?